የልጄን ኪሎ በስልክ ያሰላሁ ጊዜ

(ይህ ጽሑፍ በእሁድ ስብሰባችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። መምጣት ላልቻላችሁ እህቶች ተብሎ የተጻፈ።)

እህቶቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆማችሁ ሠርታችሁ፣ ያለቻችሁን አንዲት የእረፍት ቀን ለዚህ ስላደረጋችሁ አመሰግናለሁ። ማዳም ከልክላቸው ከወጥ ቤት ሆነው በስልክ የሚሰሙንንም ሰላም እላለሁ።

እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ እስከ አስረኛ ክፍል የተማርኩ የቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ነርስ አይደለሁም። ግን የደረሰብኝን ለአንዳንዶቻችሁ ካወራሁ ወዲህ «የኔም ልጅ 14 አመጣች»፣ «የኔ ልጅ 15 ነው፣ ታሟል ማለት ነው?» እያላችሁ በዋትስአፕ ስትጽፉልኝ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። እዚህ ቤሩት ሆነን ልጆቻችንን አቅፈን ማየት አልቻልንም። ስለዚህ በፎቶና በቁጥር ልናያቸው እንሞክራለን። ቁጥሩን ማንበብ ካላወቅን ደግሞ ያሳብደናል። እኔን አሳብዶኝ ነበር።

ልጄ ወሎ ከእናቴ ጋር ነው የምታድገው። ትቻት ስመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንት አልፏታል። አምና የካቲት ላይ በኢሞ ሳያት አንገቷ ቀጥኖ፣ ጉንጯ ጎድሎ ታየኝ። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበር ይሁን እንጃ፣ ብቻ ልጄ አልመስል አለችኝ። እናቴን ጤና ጣቢያ ወስዳ እንድታስለካት ለመንኳት፤ ወሰደቻት። 22 ኪሎ፣ ቁመቷ 122 ሴንቲሜትር።

ማታ ሥራ ጨርሼ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ቢኤምአይ የሚያሰላ ነገር ከፈትኩ። ኪሎና ቁመት ጠየቀኝ፣ ሞላሁለት። 14.8 አለኝ። ከሥሩ በቀይ «ክብደቱ ከመጠን በታች ነው» የሚል መጣ። ጤነኛ የሚባለው ከ18.5 ጀምሮ ነው ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ አትፍረዱብኝ። ለእናቴ የድምፅ መልእክት ላክሁ። «እማዬ፣ በየወሩ የምልከው ብር የት ነው የሚገባው? ልጄ ምን እየበላች ነው?» አልኳት። እናቴ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን «እኔ ከልጅሽ አፍ ነጥቄ አልበላሁም» ብላ ይችን ብቻ ላከችልኝ። ድምጿ እንባ ነበረበት። እኔን በጀርባዋ አዝላ እንጨት እየሸጠች ያሳደገችኝ ሴት ናት እኮ።

በዚያው ሳምንት 40 ዶላር አውጥቼ የዱቄት ወተትና «የምግብ ፍላጎት ይከፍታል» የሚሉትን ሽሮፕ ገዛሁ። ወደ አገር ቤት ለምትገባ ልጅ ልሰጣት ይዤ ወደዚህ መጣሁ። አልፎ አልፎ እየመጡ የሚረዱን ሲስተር ፌስታሉን አዩና «ይሄ ሽሮፕ ለማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቁጭ አድርገው ያስተማሩኝ ያን ቀን ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ከእሳቸው የተማርኩትንና ራሴ ተሳስቼ ያወቅኩትን ነው።

ቁጥሩ ምንድን ነው?

ቢኤምአይ ማለት ኪሎን ለቁመት ማካፈል ነው። ቁመቱ ግን በሜትር ሆኖ መጀመሪያ በራሱ ይባዛል። የልጄን አብረን እንሥራው። 122 ሴንቲሜትር ማለት 1.22 ሜትር ነው። 1.22 በ1.22 ሲባዛ 1.49 ይመጣል። 22 ኪሎ ለ1.49 ሲካፈል 14.8። በቃ፣ ይኸው ነው። የስልካችን ማስሊያ ይበቃዋል።

ስሌቱን ያመጣው አዶልፍ ኬትሌ የሚባል የቤልጅየም የሂሳብና የኮከብ ምርምር ሰው ነው፤ በፈረንጆች 1830ዎቹ። ሰውዬው ሐኪም አልነበረም። የአንድን ሰው ጤና ሊመረምር ሳይሆን የብዙ ሕዝብን ልክ ሊያወዳድር ነው የፈለገው። ቁጥሩ ኪሎና ቁመት ብቻ ነው የሚያውቀው። ልጅቷ ምን እንደበላች፣ አያቷ እንዴት እንደያዘቻት አያውቅም። እኔ ግን ያንን ቁጥር ይዤ እናቴን ከሰስኩ።

አሁን ዋናው ነገር። ያ 18.5 የሚለው መስመር የአዋቂ ነው፤ 20 ዓመት ለሞላው ሰው። ለአዋቂ ከ18.5 እስከ 25 ድረስ ደህና ይባላል፣ ከ25 ጀምሮ ውፍረት፣ ከ30 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት። ለልጅ ይህ አይሠራም። ልጅ እያደገ ስለሆነ የሰውነቱ ልክ በየዓመቱ ይቀያየራል። ዓመት የሞላውን ሕፃን አስቡት፣ ድቡልቡል ነው። እየሮጠ ሲያድግ ቀጠን ይላል፤ 5 ወይም 6 ዓመት አካባቢ ቁጥሩ ከሁሉም ጊዜ ዝቅ ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ጉርምስና ይወጣል። ሴትና ወንድም ይለያያሉ፤ ሴቷ ቀድማ ኮረዳ ትሆናለች፣ ሰውነቷም ይሞላል።

በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ቁጥር 15.7 ነው። የ16 ዓመቷ ደግሞ 20.7። ታድያ የኔን የስምንት ዓመት ልጅ 18.5 አልደረሰችም ብሎ ቀጭን ማለት፣ ሁለተኛ ክፍል ያለችን ልጅ የአስረኛ ክፍል ፈተና ሰጥቶ ወደቀች እንደ ማለት ነው።

የባንዲራ ሰልፍ

ሲስተር እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀል የምንሰለፈውን አስቡት። አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ። አሁን ደግሞ ልክ በልጅሽ ዕድሜ ያሉ 100 ሴት ልጆችን በቢኤምአይ አሰልፊያቸው፤ ትንሹ ቁጥር ያላት ከፊት፣ ትልቁ ያላት ከኋላ። ልጅሽ ስንተኛ ላይ ቆመች? ያ ነው ፐርሰንታይል የሚሉት።

አሜሪካኖቹ በ2000 ያወጡት ሠንጠረዥ ከ2 ዓመት እስከ 20 ዓመት ላሉት ነው። አነባበቡ እንዲህ ነው፦

ከ5ኛ በታች፦ ክብደቱ ያነሰ።
ከ5ኛ እስከ 85ኛ ሳይደርስ፦ ደህና።
ከ85ኛ እስከ 95ኛ ሳይደርስ፦ ውፍረት የጀመረ።
95ኛና ከዚያ በላይ፦ ከልክ ያለፈ ውፍረት።

የኔ ልጅ 25ኛዋ አካባቢ ነው የቆመችው። ስሰማ እንደገና ደነገጥኩ፤ «ከመቶ 25 አመጣች? ወደቀች ማለት ነው!» አልኩ። ሲስተር ሳቁ። ፈተና አይደለም። 50 ያመጣች ከ25ቷ አትበልጥም፣ 80 ያመጣችም ጎበዝ አይደለችም። ከፊት ለፊቷ 25 ልጆች ይቆማሉ ማለት ብቻ ነው። ደህና በሚባለው ሰልፍ ውስጥ ናት።

አገር ቤት ጤና ጣቢያ የሚጠቀሙት ግን የዓለም ጤና ድርጅትን ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። እዚያ ዜድ ስኮር ይሉታል። መካከሉ ዜሮ ነው። ከ5 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከ-2 በታች ከወረደ ቀጭን፣ ከ+1 ካለፈ ውፍረት፣ ከ+2 ካለፈ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ወረቀት ላይ -1 ተጽፎ ብታዩ አትደንግጡ፤ ደህና ነው። የመቀነስ ምልክት ስላለበት ብቻ ያለቀሰች እህት አውቃለሁ።

የኛ ዘመን አቆጣጠር ያመጣብኝ ጣጣ

ሲስተር ይህን ካስረዱኝ በኋላ ማታ ቤቴ ገብቼ እኔው ራሴ የልጆች የሚለውን ማስሊያ ከፈትኩ። የትውልድ ቀን ጠየቀኝ። ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 12 ቀን 2009 ነው። 12፣ 2፣ 2009 ብዬ ሞላሁ። በእግዜር! ከፊተኛው የባሰ መጣ። ከመቶ ልጆች መጀመሪያ ላይ፣ ከአንደኛዋም በፊት አቆማት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲስተር ጋ ደወልኩ፣ አለቀስኩባቸው።

«ስንት ዓመት ሞላሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» አሉ። ያኔ በራልኝ። ስልኩ 2009ን በፈረንጅ ነው የቆጠረው። ልጄን የ16 ዓመት ኮረዳ አድርጓታል። በ16 ዓመት 14.8 እውነትም የሚያስደነግጥ ነው። የእሷ ቀን በፈረንጅ 22፣ 10፣ 2016 ነው። ያንን ስሞላ ወዲያው ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ልጅ ዓመቱ ላይ 7 ደምሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ደምሩ። ወሩና ቀኑም ስለሚለወጥ ቀን መቁጠሪያ የሚያመሳክር ሰው ጠይቁ። «ስምንት ዓመቷ ነው» ብቻ አይበቃም፤ ስምንት ከአራት ወር ነው ወይስ ስምንት ከአስራ አንድ ወር? ሠንጠረዡ በወር ነው የሚቆጥረው።

የማዳሜ ልጅ

ስህተቱ ወደ ሌላውም በኩል አለ። የምሠራበት ቤት የ11 ዓመት ሴት ልጅ አለች። 47 ኪሎ፣ 1.45 ሜትር። ስታሰሉት 22.4 ይመጣል። በአዋቂ ማስሊያ ስሞክረው በአረንጓዴ «ደህና» አለ። በእሷ ዕድሜ ሰልፍ ግን ከ85ኛና ከ95ኛ መካከል ናት፤ ውፍረት ጀምሯታል። አያችሁ? ደህና የሆነችውን የኔን ልጅ ቀጭን ያለው መስመር፣ ይችን ደግሞ ደህና አላት።

እናቷ ቁጥሩን ሳታውቅ በዓይኗ ብቻ ፈርዳባት ነበር። እንግዳ ፊት «ዱባ» እያለች ትጠራታለች። ሪጂም ብላ እራት ሰላጣ ብቻ እንዳቀርብላት አዘዘችኝ። ልጅቷ ሌሊት ተነስታ ብስኩትና ቺፕስ ትበላና ልጣጩን የኔ አልጋ ሥር ትደብቀዋለች። ማዳም አገኘችው። «አንቺ ነሽ የምታበያት!» ብላ የአንድ ቀን እረፍቴን ቀማችኝ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ ምን ልበል? ዝም አልኩ።

በኋላ ሐኪም ጋ ስትወስዳት ትንሹን ልጅ ይዤ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ለማዳም «ሪጂም የለም፣ በሰው ፊት መስደብም የለም» አላት። ያስረዳበት መንገድ በጣም ገባኝ። ልጅ ቁመት ይጨምራል። ኪሎዋ ባለበት 47 ቢቆምና በዓመት 5 ሴንቲሜትር ብታድግ፣ 1.50 ሆነች ማለት ነው። 47 ለ2.25 ሲካፈል 20.9 ይመጣል። በ12 ዓመቷ ይህ ደህና ከሚባለው ውስጥ ይገባል። ማለትም አንድ ኪሎ ሳትቀንስ፣ ሳትራብ፣ ቁመቷ ራሱ ያስተካክላታል። ከቤቱ እንዲቀንስ ያለው ጁስና ለስላሳ ነው፣ ከዚያ መንቀሳቀስ፣ በጊዜ መተኛት። ለእሷ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ዓይነት እንዲበላ አዘዘ። አሁን ማታ ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ አብራኝ ትወርዳለች፣ ደረጃውን በእግራችን እንወጣለን። አልጋዬ ሥር ልጣጭ ካየሁ ቆየሁ። ማዳም ይቅርታ አላለችኝም። ያቺ የእረፍት ቀንም አልተመለሰችም።

እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ እህቶች፣ ለማዳም ሐኪም ልሁን አትበሉ። ጣጣው በኛ ላይ ነው የሚመጣው። ልጅቷን ግን ሌላው በሚጠራት ስም አትጥሯት። ይህን ማንም አይከለክለንም።

አለካክ

እናቴ መጀመሪያ ቤት ውስጥ በሜትር ለክታት 125 ብላኝ ነበር። በጫማና በሹሩባ ነው። በ125 ቢሰላ 14.1 ይሆን ነበር። ሦስት ሴንቲሜትር ይህን ያህል ታወርዳለች። ስለዚህ ለሚለኩላችሁ እንዲህ በሉ፦ ጫማ ይውለቅ፣ በራስ ላይ ያለ ነገር ይነሳ፣ ሹሩባ ከፍ ብሎ ከሆነ ይፈታ። ልጁ ደልዳላ ወለል ላይ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ግድግዳ አስነክቶ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይይ። ደብተር ወይም ጣውላ ራሱ ላይ አጋድሞ ግድግዳው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ከወለሉ እስከ ምልክቱ መለካት። ሁለቴ ይለካ። ኪሎ ሲመዘን ጋቢውም ካፖርቱም ይውለቅ።

ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ ተለክቶ አይፈረድም። እኔ በየስድስት ወሩ እናስለካት ብያለሁ። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ቁመቱን ትጽፍልኛለች። ልጅ ሁልጊዜ 25ኛ አካባቢ ከሆነች የራሷ መንገድ ነው። 60ኛ የነበረች 15ኛ ከወረደች ግን ደህና በሚባለው ውስጥ ብትሆንም ይጠየቃል። ወደ ላይ መዝለሉም እንዲሁ።

ቁጥሩ የማያየው

አገራችን መቀንጨር አለ። በ2015 በፈረንጅ የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ለዚሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ምግብ የጎደለው ልጅ ቁመቱ ያጥራል፣ ኪሎውም ከአጭር ቁመቱ ጋር ይመጣጠናል። ቢኤምአይው ደህና ይላል፤ ልጁ ግን ተጎድቷል። ስለዚህ «ቁመቷስ ለዕድሜዋ እንዴት ነው?» ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ። የኔ ልጅ ከመካከለኛው አጠር ትላለች፣ ግን ከመስመሩ አልወጣችም።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉትን ሕፃናት ጤና ኤክስቴንሽኗ በክንድ መለኪያዋ ታያቸዋለች። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ ከሆነ ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ቀን ሕክምና። እግሩ ያበጠ ልጅም እንዲሁ፤ እብጠቱ ኪሎ ስለሚጨምር ቁጥሩ ያታልላል። ትልቅ ልጅም ቢሆን ኪሎ እየቀነሰ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት አልለቀው ካለ ስሌት አትጠብቁ።

ሽሮፑን ደግሞ ያለ ሐኪም አትላኩ። ሲስተር «መድኃኒት ነው፣ ከረሜላ አይደለም» ብለው መልሰው አስመለሱኝ። ባለ ሱቁ ግማሹን ብር ብቻ መለሰልኝ።

ታናናሾቻችን

እዚህ መካከላችን ገና 20 ያልሞላችሁ አላችሁ። ፓስፖርቱ 24 ይላል፣ እናታችሁ ግን 17 ናት የምትለው። ማንም እንዲህ አደረጋችሁ ብዬ አላወራም፣ ሁላችንም የመጣንበትን መንገድ እናውቃለን። ግን ስትለኩ በፓስፖርቱ ዕድሜ ከተነበበ መልሱ ይሳሳታል። የ17 ዓመት ልጅ 17.5 ብታመጣ በራሷ ዕድሜ ሰልፍ ውስጥ ናት፤ በአዋቂው መስመር ግን ቀጭን ተባለች። ለምታምኗት ነርስ እውነተኛ ዕድሜያችሁን ንገሯት። ሥራ ላይ ሆናችሁ ኪሎ እየቀነሰባችሁ ከሆነ፣ የወር አበባ ከቀረባችሁ፣ ይህን ደብቃችሁ አትቀመጡ። እናንተም የሰው ልጆች ናችሁ፣ ገና እያደጋችሁ ነው።

ልጨርስ። ሽሮፑን ካስመለስኩ በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ቁጥሩን በትክክል ያላነበብኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሷ እኮ በጣም ትሮጣለች፣ አንቺም በልጅነትሽ እንደዚህ ነበርሽ» አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ «እማ፣ ጥርሴ በቀለ!» አለችኝ። እኔ ስለ ኪሎዋ አንድም ቃል አላነሳሁም።

የሚመጣው እሁድ ሲስተር ይመጣሉ። የልጆቻችሁን የትውልድ ቀን፣ የተለኩበትን ቀን፣ ኪሎና ቁመት በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አብረን እንቀይራለን፣ ስሌቱን እኔ እሠራለሁ፣ ሲስተር ያነቡልናል። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም እናቷን፣ እህቷን፣ ልጅ ያሳደገችላትን ጎረቤት በቁጥር እንዳትከስ አደራ።

ፈጣሪ ለልጆቻችን በሰላም ያብቃን።